«ደህና አድረዋል» ብለሽ ስለጻፍሽው ገጽ፦ ከባሕር ዳር ለመጣ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ባሕር ዳር ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ በተንከባካቢነት እሠራለሁ። ከማያቸው አንዷ እማሆይ ለሁለት ቀን ዝም ዝም አሉ፣ እህልም ቀነሱ። ጾመ ጽጌ ላይ ስለሆኑ ነው ብለን አለፍነው። እኔ ግን ለተረኛዋ ሲስተር ‹ደስ አላሉኝም› ብያት ነበር። ‹እርጅና ነው› አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ስንወስዳቸው የሳንባ ምች ተባለ። እየተሻላቸው ነው፣ ገና አልወጡም። ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥታ ደብተሩን ስታይ ሁሉም ቀን ላይ ‹ደህና አድረዋል፣ በልተዋል› ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኃላፊያችን ‹ገጹን አስተካክይው› አለኝ። ምን ላድርግ? ከአሁን በኋላስ ምን ልጻፍ፣ ለማን እንዴት ልናገር?»

እህቴ፣ ከኃላፊሽ ትእዛዝ ልጀምር፤ የሚያጣድፈው እሱ ነው። ገጹን አትንኪው። አይቀደድም፣ ፍሉድ አይቀባም፣ በመስመሮቹ መሀል አዲስ ቃል አይሰገሰግም። ልጅየዋ ደብተሩን አይታዋለች። ምናልባት በስልኳም ፎቶ አንስታዋለች። ነገ የተቀየረ ገጽ ብታገኝ፣ ዛሬ «ችላ ብለዋል» የምትለው ነገር «ደብቀዋል» ይሆናል። ከዚያ በኋላ የምትናገሩትን እውነት እንኳ ማንም አያምናችሁም።

ዝም ብሎ መተውም ግን አይሆንም። በዕለቱ አይተሽ ያልጻፍሽው ነገር አለ። እሱን በዛሬው ገጽ ላይ፣ ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑን ገልጸሽ አስፍሪው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ዘግይቶ የተጻፈ፤ ስለ ጥቅምት 9 እና 10። ጥቅምት 9 ጠዋት እማሆይ ዳዊት ሲደግሙ አልሰማሁም። ምሳ ላይ ከቀረበላቸው ግማሹን ተዉ። ጥቅምት 10 ለቡና ሲጠሩ ‹ተዉኝ› ብለው አልጋቸው ላይ ቀሩ። የዚያን ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ለተረኛዋ ሲስተር ‹ደስ አላሉኝም› ብዬ ነገርኩ፤ ‹እርጅና ነው› አለች። ሙቀትና ትንፋሽ አልለካሁም። በሁለቱም ቀን ‹ደህና› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ከሥሩ ስምና ፊርማ። ዝርዝሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እኔ ለማሳየት ያህል ነው የሞላሁት። የማታስታውሺውን ሰዓት አትፍጠሪ፣ «ገደማ» በይ። «ሲስተር ችላ አለችኝ» የሚል መስመርም አትጨምሪ። የተባለው ቃል ይበቃል፣ ፍርዱን ለአንባቢው ተዪለት። በሌላ ቀን ደግሞ ስትጽፊ ብትሳሳቺ፣ በስህተቱ ላይ አንድ መስመር አስምሪበትና ጎኑ ላይ ፈርሚ። የተሰረዘው ቃል መነበብ አለበት።

ኃላፊሽ ካኮረፈ ይህ ገጽ መጦሪያውንም እንደሚጠብቅ ንገሪው። ስህተቱን ራሱ የጻፈ ቤት የሚከራከርበት ነገር አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። «ደህና አድረዋል» የሚለው መስመር ውሸት ስለሆነ አይደለም የምቃወመው። ምንም ስለማይናገር ነው። እማሆይ ደህና በነበሩበት ቀንም፣ የሳንባ ምች በያዛቸው ቀንም የተጻፈው ያው መስመር ነው። ለውጡ ታዲያ የት ይታይ?

መስመሩ ከየት እንደሚመጣም አውቃለሁ። ጠዋት በር ከፍተሽ «እንዴት አደሩ?» ትያለሽ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉሻል። ጎጃም ያደገ ሽማግሌ እግሩ ተሰብሮም ቢሆን ተመስገን ይላል። ሰላምታ ነው፣ ምስጋና ነው፤ የጤና ሪፖርት ግን አይደለም። አንቺ ሰላምታውን ወስደሽ መዝገብ ላይ አሰፈርሽው። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚቆጠር ነገር ጠይቂ። ሌሊት ስንቴ ተነሡ? ማታ ምን ቀመሱ? ሲቀመጡ የት ጋ ያምዎታል? ሰገራ ከወጡ ስንት ቀን ሆነ? «ተመስገን» የሚሉት እናት ለእነዚህ ቀጥተኛ መልስ ይሰጡሻል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋችሁ ግን የእያንዳንዳቸው የዘወትር መልክ የተጻፈበት አንድ ገጽ ነው። ለውጥ ሲባል ከራሳቸው ከሰውየው ነው የሚለካው። የአንዱ ጤና ለሌላው መስፈሪያ አይሆንም። ገጹ የደህና ቀናቸውን ሙቀት፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊትና ክብደት ይያዝ። ጣት ላይ በሚሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር የሚለካው ኦክስጅንም ይጻፍ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቁጥሩ ከቆላ ከተማ ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል። ሲጋራ ወይም የማገዶ ጭስ ሳንባውን የጎዳው ሰው ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። የእያንዳንዱን ደህና ቀን ካላወቅሽ የክፉ ቀኑን ቁጥር ማንበብ አትችይም።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ሰውየውን አይነግርሽም። የእማሆይ ገጽ ላይ ብሆን የምጽፈው ይህን ነበር፦ «ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሣሉ። ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ፣ ድምፃቸው እስከ ኮሪደሩ ይሰማል። ግድግዳ ይዘው በራሳቸው እግር ለቡና ይመጣሉ፣ በረካውን ሳይጠጡ አይነሡም። ግራ ጆሯቸው አይሰማም። የሰው ስም ይረሳሉ፣ ፊት ግን አይረሱም። ረቡዕና ዓርብን፣ የፈቃድ ጾሞችንም ይጾማሉ፤ ሲፈቱ ግን ጥሩ ይበላሉ።» ይህ ገጽ ቢኖር አዲስ የተቀጠረች ልጅ እንኳ በመጀመሪያ ሌሊቷ «ዛሬ ዳዊት የለም» ብላ ትነቃ ነበር። ዳዊት የሚደግም ሰው ዝም ካለ፣ ለእኔ የሙቀት መለኪያ ከሚሰጠኝ ምልክት አያንስም።

ለምን? በዕድሜ የገፋ ሰው በሽታው እንደ ወጣት አይናገርም። የሳንባ ምች ያለ ሳል ይመጣል፣ ያለ ትኩሳትም ይመጣል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የምግብ መቀነስ፣ መውደቅ፣ መፍዘዝ ወይም መቃዠት ነው። የአዛውንቶች ሙቀት ሲጀምርም ዝቅ ያለ ስለሆነ «38 ካልሞላ ትኩሳት አይደለም» የሚለው ልማድ ያታልላል። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪሞች ማኅበር በ2008 እ.ኤ.አ. ለመጦሪያ ነዋሪዎች ያወጣው መመሪያ እንዲህ ይላል፦ በአፍ ተለክቶ አንዴ ከ37.8 በላይ ከሆነ፣ ወይም ደጋግሞ ከ37.2 በላይ ከሆነ፣ ወይም ከራሳቸው ወትሮ ከ1.1 ዲግሪ በላይ ከጨመረ እንደ ትኩሳት ይቆጠር። እማሆይ ወትሮ 36.3 ቢሆኑና ዛሬ 37.6 ቢያሳዩ፣ ትኩሳት አላቸው ማለት ነው። የዘወትሩን ቁጥር ሳታውቂ ይህን ማለት አትችይም። ፓራሲታሞል ወስደው ከሆነም ጎን ላይ ጻፊ፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል።

ትንፋሽ ደግሞ ከሁሉም የተዘነጋ ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፣ ሰዓት ብቻ። ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ፤ የ15 ሰከንድ ቆጠራ በ4 ተባዝቶ ብዙ ያሳስታል። እየቆጠርሽ መሆኑን አትንገሪያቸው፣ አተነፋፈሳቸው ይቀየራል። የእጃቸውን ምት የያዝሽ መስለሽ ደረታቸው ላይ ያለውን ጋቢ ተመልከቺ። በደቂቃ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሳል ቢኖርም ባይኖርም የሳንባ ምች ይጠርጠር። ጥቅምት ላይ ደግሞ ጣና ዙሪያ ወባ አለ፣ ትኩሳት ካለ የወባ ምርመራ አይቅር። ግን ወባ ተገኘ ተብሎ ትንፋሹን ማየት አይተው፤ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ።

ስለ «ዝም ዝም አሉ» ትንሽ ልቆይ። በሕመም ምክንያት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚመጣ የአእምሮ መዋዠቅ አለ፣ ዴሊሪየም ይሉታል። ሁለት ዋና መልክ አለው። አንደኛው ይጮኻል፣ ልብስ ያወልቃል፣ ሌሊት «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላል። እሱን ሁሉም ያየዋል። ሁለተኛው ዝም ይላል። ተኝቶ ይውላል፣ ሲጠራ ቀስ ብሎ ይመልሳል፣ ጉርሻውን አፉ ውስጥ ይዞ ይረሳዋል። እንዲህ ያሉትን እኛ ሠራተኞች «ዛሬ አላስቸገሩም» ብለን እናመሰግናቸዋለን! ሳይታወቅ የሚያልፈው እሱ ነው። ስትጠረጥሪ የሳምንቱን ቀናት ከእሁድ ጀምረው ወደ ኋላ እንዲቆጥሩልሽ ጠይቂ። ትናንት መቁጠር ይችሉ የነበሩ ዛሬ ቅዳሜ ላይ ከጠፉ፣ ወይም ጠዋት ነቅተው ከሰዓት ከፈዘዙ፣ ይህ ለነገ የሚተው ነገር አይደለም። የመርሳት ችግር በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። በሁለት ቀን የመጣ ነገር ሌላ ስም አለው።

ጾሙስ? እውነት ነው፣ ያምታታል። ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ «ጾም ላይ ናቸው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ለዚህ ነው የዘወትሩ ገጽ ላይ የጾም ልማዳቸው መጻፍ ያለበት። የሚጾም ሰው ሰዓቱ ሲደርስ ይበላል። የታመመ ሰው ሰዓቱ ደርሶም አይበላም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ይታያል። ስለዚህ «አልበሉም» ብለሽ አትተዪው። «እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጾሙ፤ ከዚያ ሽሮ በግማሽ እንጀራ ቀርቦ ሁለት ጉርሻ ብቻ ወሰዱ፣ ውሃ ግማሽ ብርጭቆ» በይ። ረመዳን ላይም እንዲሁ ነው፣ ማፍጠሪያው ላይ ተመልከቺ። ስኳር ያለባቸውና እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከጾሙ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ ሐኪሙ በጊዜ ማወቅ አለበት፣ ስኳራቸው በጾም ሰዓት ሊወድቅ ይችላል። «ጾሙን ይተዉ» ማለት የአንቺ ፋንታ አይደለም። የንስሐ አባታቸውን አስጠሪ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታቃልላለች፣ ከካህን አፍ ሲሰሙትም ይቀበሉታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ እንድትይልኝ እፈልጋለሁ። አሜሪካ ውስጥ ለመጦሪያዎች በተዘጋጀ ኢንተራክት በሚባል ፕሮግራም «ቁም፣ ተመልከት» የሚል አንድ ወረቀት አለ። የተዘጋጀው ለዶክተር አይደለም፤ ምግብ ለሚያቀርቡ፣ ገላ ለሚያጥቡ፣ አልጋ ለሚያነጥፉ እንደ አንቺ ላሉ ሰዎች ነው። አሥራ ሁለት ምልክት አለው። ማውራት መቀነስ አለበት፣ መብላትና መጠጣት መቀነስ አለበት፣ ለመነሣትና ለመጸዳጃ ከወትሮው በላይ እርዳታ መፈለግ አለበት፣ የቆዳ መለወጥም አለበት። የመጀመሪያው መስመር ግን ምን ይላል መሰለሽ? «ከወትሮው የተለዩ ይመስላሉ።» «ደስ አላሉኝም» ያልሽው ማለት ነው! ስሜትሽ ትክክለኛ ምልክት ነበር። የጎደለው ከሥሩ የሚቆም ማስረጃ ብቻ ነው።

ስትጽፊም ስትናገሪም ያየሽውን እንጂ የበሽታ ስም አታስቀድሚ። «ሽንታቸው ይሸታል፣ ኢንፌክሽን አለባቸው» የሚል ማስታወሻ ብዙ ያጋጥመኛል። በመጦሪያ ከሚኖሩ ሴቶች ከ25 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል። «ኢንፌክሽን» ብለሽ ከጻፍሽ ሁሉም ወደ ሽንት ይሮጥና ሳንባውን የሚያይ ይጠፋል። መውደቅም እንዲሁ። ሲወድቁ ካላየሽ «ወደቁ» አትበይ። «ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልጋው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ‹ተንሸራተትኩ› አሉ፤ ግንባራቸው ላይ እብጠት አለ» በይ። ክብደት በየወሩ ይለካ። 50 ኪሎ የነበሩ በአንድ ወር 2.5 ኪሎ ከቀነሱ 5 በመቶ ነው፣ ለሐኪም ይነገራል። የአልጋ ቁስል ስትፈልጊ ደግሞ መጽሐፉ «መቅላት» ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ተረከዝና መቀመጫ ላይ በእጅሽ ዳብሺ፣ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም ሲነካ የሚያም ቦታ ካለ ጻፊው።

ሰዓት። ይህ የእኛ ሀገር ጣጣ ነው። ከሆስፒታል የሚመጣ ወረቀት ላይ ሰዓቱ አንዴ በፈረንጅ፣ አንዴ በእኛ ይጻፋል። «8:00» ብቻ ካልሽ የእኛ ሌሊት ነው? የእኛ ከሰዓት በኋላ ነው? ወይስ የፈረንጅ ጠዋት፣ ማለትም ከጠዋቱ 2 ሰዓት? ለኢንሱሊን ይህ ልዩነት ሰው ይጎዳል። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ አይለይ። ለሌሊቱ ደግሞ ቀኑ ራሱ ያከራክራል፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነው ነገር የጥቅምት 9 ነው የ10? «ለጥቅምት 10 አጥቢያ» ብለሽ ገላግይው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ከሆነም «እ.ኤ.አ.» በይበት።

አሁን ስለ መናገር። «ደስ አላሉኝም» ብለሽ የሄድሽው ትልቅ ነገር ይዘሽ ነው፤ ግን ሲስተር ምን ታድርግበት? አሥር ሥራ እጇ ላይ አለ። በሕክምና ሰዎች ዘንድ የተለመደ የአነጋገር ቅደም ተከተል አለ። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ ካይዘር ፐርማነንቴ የሚባለው የጤና ድርጅት በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወደ ሕክምና አመጣው። አሁን ምን ሆኑ? ወትሮ እንዴት ነበሩ? እኔ ምን አየሁ፣ ምን ለካሁ? ምን እንዲደረግ እፈልጋለሁ? በቃ፣ ይኸው ነው። በስልክ ሲሆን እንዲህ ይመስላል፦

«ሲስተር፣ ስለ እማሆይ ነው የምደውለው። ትንፋሻቸው ፈጥኗል፣ ፈዘዋልም፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ነው። ወትሮ ዳዊት ደግመው በእግራቸው ለቡና የሚመጡ ናቸው። የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። አሁን ስለካ ትንፋሽ በደቂቃ 28፣ የልብ ምት 104፣ ሙቀት 37.6፤ ወትሮ 36.3 ናቸው። ግፊት 105 በ60፤ ወትሮ 140 በ80 አካባቢ ነው። ከትናንት ምሳ ወዲህ የጠጡት ሁለት ብርጭቆ አይሞላም። በሽታው ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እየባሰባቸው ነው። አሁኑኑ መጥተሽ እንድታያቸው፣ ካልሆነም ሆስፒታል እንድንወስዳቸው ነው የምፈልገው።»

ይህን ለማለት 1 ደቂቃ አይፈጅም። ብዙዎቻችሁ የምትዘሉት የመጨረሻውን ነው። «ምን እፈልጋለሁ» ማለት ድፍረት ይመስላችኋል፤ ታላቅን ማዘዝ ይመስላችኋል። አይደለም። ካላልሽው ግን ሰሚው «እሺ፣ ሰምቻለሁ» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ትእዛዝ ከሰጠችሽ መልሰሽ ድገሚላት፦ «ፓራሲታሞል 500 አንድ ፍሬ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ትንፋሽ መልሼ እለካለሁ፣ ልክ ነኝ?» ከዚያ «ምን ካየሁ መልሼ ልደውል?» ብለሽ ጠይቂ። የተባልሽውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፊ።

«እርጅና ነው» ከተባልሽስ? እርጅና በሁለት ቀን አይመጣም። ይህን በአክብሮት ማለት ይቻላል፦ «ሲስተር፣ ከትናንት ወዲያ ደህና ነበሩ እኮ፤ አንዴ ትንፋሻቸውን ብቻ ቁጠሪልኝ።» አሁንም ካልሆነ መልሰሽ ለኪ፣ በአዲሱ ቁጥር ድጋሚ ንገሪ። ያም ካልሠራ ለኃላፊው ወይም ለሐኪሙ በቀጥታ ደውይ። ይህ ሰው ማለፍ ስለሚመስል ማንን ተከትሎ ለማን እንደሚደወል ኃላፊያችሁ አስቀድሞ በወረቀት ይለጥፈው። ያኔ አንቺ ደንቡን ፈጸምሽ እንጂ ሰው አላለፍሽም። ለሲስተሮቹም ፍረጂላቸው፤ ሌሊት ለብቻ ተረኛ መሆን ቀላል አይደለም። ቁጥር ይዞ የሚመጣ ተንከባካቢ ሥራቸውን ያቀልላቸዋል።

የተረኞች ርክክብንም ከበር አውጡት። ቦርሳ ተንጠልጥሎ፣ ባጃጅ ውጭ እየጠበቀ «ሁሉም ደህና ናቸው» የሚባለው ርክክብ አይደለም። አልጋው አጠገብ ቁሙ፣ ደብተሩ ይከፈት፣ ከተለወጡት ጀምሩ። ያልተለወጡትን በአንድ ቃል እለፏቸው።

ደብተርም ቅደም ተከተልም የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር በድንገት ከሰነፈ፣ አንደበት ከተያዘ፣ ደረት ከጨነቃቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር ካቃታቸው፣ ሲጠሩ ካልነቁ፣ ጭንቅላታቸው ተመትቶ ደም የሚያቀጥን እንደ ዋርፋሪን ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወዲያው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል፤ የሚቀርባችሁ ጋ። ስኳር ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጪ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሰሽ ለኪ። መዋጥ ካልቻሉ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አታስገቢ። መጻፉ በኋላ ይደርሳል።

ልጅየዋስ? «ለምን አልተነገረኝም» ማለቷ ትክክል ናት። አሜሪካ ውስጥ መጦሪያ ቤት ነዋሪው ጤናው ጉልህ ለውጥ ካሳየ፣ ሐኪም ሊያስፈልገው የሚችል ጉዳት ከደረሰበት፣ ሕክምናው ጉልህ ለውጥ ካስፈለገው ወይም ወደ ሌላ ቦታ ከተላከ ወዲያው ለራሱ ለነዋሪው፣ ለሐኪሙና ለወኪሉ እንዲያሳውቅ የፌዴራል ደንብ ያስገድደዋል። እናንተም ይህን የራሳችሁ ደንብ ማድረግ ትችላላችሁ። አዛውንቷ ሲገቡ ጠይቁ፦ ከልጆቻቸው ለማን ይደወል? ሌሊትም ቢሆን ይደወል? የአልጋ ቁስል ጅማሮም ይነገር ወይስ ሆስፒታል ሲሄዱ ብቻ? መልሱ የዘወትሩ ገጽ ጀርባ ላይ ይስፈር። መጀመሪያ ግን ራሳቸውን እማሆይን፦ «ለልጅዎ ልንገርልዎት?» አእምሯቸው ንቁ ከሆነ ጤናቸው የራሳቸው ነው። ፎቷቸውን በቴሌግራም መላክማ ጨርሶ አይታሰብ።

ስትደውይ ደግሞ «እናትሽ ትንሽ አሟቸዋል» ብለሽ አትጀምሪ። መርዶ በዚህ ቃል እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጅየዋ አዲስ አበባ ላይ ሆና እሪ ትላለች። «እማሆይ አጠገቤ ናቸው፣ ነቅተዋል። ከትናንት ጀምሮ ግን ትንፋሻቸው ፈጥኗል፤ አሁን ሆስፒታል ልንወስዳቸው ነው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መልሼ እደውልልሻለሁ» በይ። ያልሽው ሰዓት ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖርም ደውይ። ለማን፣ ስንት ሰዓት፣ ምን እንዳልሽ ደብተሩ ላይ ይግባ።

ለአሁኑ ደግሞ ከኃላፊሽ ጋር ሆናችሁ ልጅየዋን ቁጭ ብላችሁ አነጋግሯት። ዘግይቶ የተጻፈውን ገጽ ራሳችሁ አሳዩአት። «ለውጡን አይተናል፣ አልለካንም፣ አልነገርንሽም፣ ይቅርታ» በሉ። ከዚያ ምን እንደምትቀይሩ ንገሯት። «እናትሽ ዕድሜያቸው ገፍቷል» የሚለውን ከአፋችሁ አታውጡ።

እማሆይ ሲመለሱ ብዙ ቤት የሚያልፈው ሥራ ይመጣል። የመውጫ ወረቀቱን ከሆስፒታሉ ሳትወጡ አንብቡት፤ ያልገባችሁን መስመር እዚያው ጠይቁ። አንቲባዮቲኩ ስንት ቀን ቀረው፣ በስንት ሰዓት ልዩነት ነው፣ የግፊት መድኃኒታቸው ቀጠለ ወይስ ቆመ? የቆመ መድኃኒት ካለ ከመሳቢያው ይውጣ፤ ያለዚያ የማታዋ ተረኛ በልማድ ትሰጣቸዋለች። በገቡበት ቀን ክብደታቸውን መዝኚ፣ ተረከዝና መቀመጫቸውን እይ፣ ሙቀት፣ ትንፋሽና ግፊት ለኪ። ከሳንባ ምች በኋላ አቅማቸው እንደ ድሮው ላይሆን ስለሚችል የዘወትሩ ገጽ እንደ አዲስ ይጻፍ። የድሮው ገጽ አይጣልም፤ ቀን ተጽፎበት ከኋላው ይያያዝ።